በዌብሶኬት ሥርጭት ግንኙነት ሲቋረጥ የሚጠፉ መልእክቶች

እ.ኤ.አ. በ2011 በአርኤፍሲ 6455 የተደነገገው ዌብሶኬት፣ ሰርቨሩ ሳይጠየቅ ለብራውዘር መልእክት እንዲልክ ያስችላል። አንድን ክስተት ለብዙዎች ማሠራጨትም ቀላል ይመስላል፤ ክፍት ግንኙነቶችን መዝግቦ ለእያንዳንዱ መላክ ነውና። ችግሩ የሚገለጠው ግንኙነቱ ሲቋረጥ ነው። ቲሲፒ የመልእክቶችን ቅደም ተከተል የሚጠብቀው በአንድ ግንኙነት ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ዌብሶኬትም ከተቋረጠበት የሚቀጥልበት ሥርዓት የለውም። ስልክ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲሸጋገር በመካከል የተሠራጨው ሁሉ ያመልጠዋል። የከፋው ደግሞ ተጠቃሚው ማጣቱን አለማወቁ ነው፤ ገጹ ያረጀውን መረጃ እንደ ወቅታዊ ማሳየቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ክስተት ተከታታይ ቁጥር ሰጥቶ የቅርቦቹን ማቆየት ይኖርበታል። ብራውዘሩ ዳግም ሲገናኝ የመጨረሻው የደረሰው 41 መሆኑን ቢያሳውቅ፣ ከ42 ጀምሮ ይላክለታል፤ 42 ከማከማቻው ተሰርዞ ከሆነ ግን ሙሉው ወቅታዊ ሁኔታ ሊላክለት ይገባል። (መልእክቱ ከሰርቨር ወደ ብራውዘር ብቻ ለሚፈስበት ሥራ፣ ይህን ቁጥር በራሱ የሚያስታውሰው ሰርቨር-ሴንት ኢቨንትስ በእኛ አስተያየት ይመረጣል።)

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚታለፍ ስሕተት አለ። ያመለጠውን አስቀድሞ ልኮ ተጠቃሚውን ከዚያ በኋላ በሥርጭቱ መዝገብ ማስገባት፣ በሁለቱ መካከል ሌላ ክፍተት ይፈጥራል። መዝገቡ ይቀድማል፤ ሁለት ጊዜ የደረሰውን ክስተት ብራውዘሩ በቁጥሩ ለይቶ ይጥለዋል።