ከመጠለያ ሠፈር የተነሣ ጥያቄ፦ የአባ ዦዜፍ ቭሬዚንስኪ ሕይወትና ሥራ

በመጠለያ ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ ዕለት በዕለት የሚያሰላው ስንት ኩንታል እህል እንደ ገባ፣ ለስንት ሰው እንደ ታደለና ስንት እንደ ቀረ ነው። ይህ ስሌት ቢጓደል የሰው ሕይወት እንደሚጠፋ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የእርዳታው ሰልፍ ወራትንና ዓመታትን ሲዘልቅ በተረጂው ላይ የሚያስከትለውን፣ ከሰልፉ ውስጥ ያደገ ሰው ቢነግረን ይበልጥ ይገባናል። ይህን ከነገሩን አንዱ ፈረንሳዊው ቄስ አባ ዦዜፍ ቭሬዚንስኪ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ዦዜፍ በ1917 በፈረንሳይ አገር በአንዤ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከፖላንድ፣ እናታቸው ከእስፓኝ የመጡ ሲሆኑ፣ ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ነበር ቤተሰቡ እንደ ጠላት አገር ሰው ተጠርጥሮ በግዞት ተይዞ ነበር። አባት ሥራ ፍለጋ ርቀው ሲቀሩ እናት አራት ልጆች ብቻቸውን ለማሳደግ ተገደዱ። ዦዜፍም ገና በሕፃንነቱ ማለዳ እየተነሣ በደናግል ገዳም ቅዳሴ በማገልገል ቁርሱንና ጥቂት ሳንቲም ያገኝ ነበር። አንዲት በጎ አድራጊ ልጁ ለሙት ልጆች ማሳደጊያ እንዲሰጥ ሐሳብ ባቀረቡ ጊዜ እናት እምቢ አሉ፤ በዚህም ምክንያት ይደረግላቸው የነበረው ድጋፍ ቀረባቸው። ልጄን አልሰጥም ያለች ድኻ እናት እንደ ውለታ ቢስ መቆጠሯን አባ ዦዜፍ ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም።

የኬክ ሠሪነት ሙያ ተምረው ከሠሩ በኋላ ወደ ክህነት ትምህርት ገብተው በ1946 ቀሰሱ። በ1956 ጁላይ ወር ጳጳሳቸው ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ ወደሚገኘው የኑዋዚ ለ ግራን መጠለያ ላኳቸው። በዚያ 252 ቤት አልባ ቤተሰቦች ግማሽ በርሜል በመሰሉ የሲሚንቶ ሉህ ጎጆዎች ሠፍረው ነበር። መጠለያው ከ1954ቱ ብርቱ ክረምት በኋላ ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነበር፤ «ለጊዜው» የሚባለው ነገር ግን በእርዳታ ሥራ ረጅም ዕድሜ አለው። አባ ዦዜፍም ከቢሮ የሚመላለሱ አልሆኑም፤ ከጎጆዎቹ በአንዱ ውስጥ ኖሩ።

ብዙ ክርክር ያስነሣው የመጀመሪያ እርምጃቸው የሾርባና የአሮጌ ልብስ እደላውን ማስቆማቸው ነው። በምትኩ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕፃናት መዋያ፣ የልብስ ማጠቢያና ሴቶች ጸጉራቸውን የሚሠሩበት ቤት እንዲከፈት አደረጉ። የመጨረሻው ለበጀት ኃላፊ ቅንጦት መስሎ እንደሚታይ አያጠራጥርም። የእርሳቸው ምክንያት ግን ግልጽ ነበር፤ ሳህን ይዞ የሚሰለፍ አባት በልጆቹ ፊት አባትነቱን እያጣ ይሄዳል፣ መጽሐፍ የተዋሰ ልጅ ግን ለእናቱ የሚያነብላት ነገር ይዞ ይገባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኑዋዚ ችግር እንጂ ጠኔ የነበረበት ስፍራ አልነበረም፤ በ1984 በኮረም ለነበረው ሕዝብ እደላን ማቆም ማለት ሞትን መፍረድ በሆነ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት እደላው በምን ሰዓትና በምን ይተካ የሚለው ጥያቄ ገና ከመጀመሪያው ቀን መነሣት እንዳለበት ነው።

በ1957 ከቤተሰቦቹ ጋር ማኅበር አቋቋሙ፤ ይህም ኋላ «አራተኛው ዓለም» የሚል ስያሜ ይዞ በብዙ አገሮች የተስፋፋው ንቅናቄ መነሻ ነው። ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ የተረፉት ወይዘሮ ዠንቪየቭ ደ ጎል አንቶኒዮ በ1958 መጠለያውን ጎብኝተው ከሥራው ጋር ተቆራኙ፤ ከ1964 ጀምሮም የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ይህ ታሪክ በአገራችን ሰፈራን ለሚያጠና ሰው ባዕድ አይደለም። ከ1984 እስከ 1986 ድረስ 600,000 ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲወሰድ ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው ሄደዋል፤ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ የተለያዩበትም ጊዜ ነበር። ሠፋሪው ትራክተርና ዘር ተሰጥቶት ሳለ ዕድሩን፣ ሽማግሌውንና ጎረቤቱን ካጣ ምን እንደጎደለው በእህል መዝገብ አይታይም። በእኔ አስተያየት ምዝገባ ሲደረግ ከራስ ቁጥር ጋር «ከማን ጋር መሆን ትፈልጋለህ?» የሚለው ቢጠየቅ ወጪው አንድ መስመር ወረቀት ነው።

አባ ዦዜፍ በ1979 የፈረንሳይ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳይ ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1987 ምክር ቤቱ የተቀበለው ሪፖርታቸው ድህነትን በገቢ ማነስ ብቻ አልለካውም፤ የመኖሪያ፣ የሥራ፣ የትምህርትና የጤና ዋስትናዎች አንዱ ሲጓደል ሌላውን እየጎተተ እንደሚጥል አስረዳ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 17 በፓሪስ በትሮካዴሮ አደባባይ ለድህነት ሰለባዎች መታሰቢያ ድንጋይ ተተከለ፤ የተባበሩት መንግሥታትም በ1992 ቀኑን ድህነትን የማጥፋት ዓለም አቀፍ ቀን አድርጎ ሠየመው። ሪፖርቱ መንገድ የጠረገለት የዝቅተኛ ገቢ ዋስትና ሕግ በፈረንሳይ የወጣው በ1988 ዲሴምበር ሲሆን፣ አባ ዦዜፍ ግን በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 14 ቀን አርፈው ነበር።