ትምህርት ዘጠኝ፦ ዕቃውና ታሪኩ

ቅድመ ንባብ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።
1. በአካባቢያችሁ በእጅ ከሚሠሩ ዕቃዎች መካከል፣ ሠሪው ካላስረዳ በቀር አገልግሎቱ የማይታወቅ ዕቃ አለን?
2. አንድ ዕቃ ከተሠራበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ቤተ መዘክር ሲገባ ምን ያተርፋል? ምንስ ያጣል?

ምንባብ

ጅቡቲ ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር መነሻ እርሷ ስለ ነበረች፣ ስሟ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ከነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ሶማሌዎችና አፋሮች ናቸው። ሁለቱም ሕዝቦች በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ በመሆናቸው የእጅ ጥበባቸውም ድንበር አያውቅም። የአፋር ሴት ዳቦይታ የተባለውን ቤቷን የምታለብስበትን ሰሌን ከዘንባባ ቅጠል ትሠራለች፤ ይህም ሰሌን በአዋሽ ዳርም ሆነ በታጁራ አካባቢ የሚገኝ ነው። የሶማሌዋ ሴት የወተት ዕቃም እንደዚሁ በድሬዳዋም በጅቡቲም ይታያል።

ከእነዚህ የእጅ ሥራዎች መካከል ልዩ ትኩረት የሚስበው «ሔዶ» ነው። ሔዶ ማለት የምግብ መያዣው ዕቃ፣ በውስጡም የተሰናዳው ምግብ ነው። በሶማሌዎች ባህል የሙሽራዪቱ እናት ከሠርጉ በኋላ ለአማቿ የምታበረክተው ስጦታ ነው። እንደ ቋንጣ የደረቀ ሥጋ በትንንሹ ተከትፎ በቅቤ ይጠበሳል፤ ቅመምና ተምር ይታከልበታል። ከዚያም ዕቃው ተከድኖ ልክ እንደ ሙሽራ በጨርቅ ያጌጣል፤ በመጨረሻም መፍቻው በቀላሉ በማይገኝ ገመድ ይተበተባል። የሙሽራው ወገኖች በተሰበሰቡበት ገመዱን እንዲፈቱ ይጠየቃሉ። በቢላዋ መቁረጥ ነውር ነው። ትዕግሥትና ብልኀት ያለው ሰው ጫፉን ፈልጎ ቋጠሮውን በቋጠሮ ይፈታል። በዚህ ዓይነት ሙሽራው ሚስቱን እንዴት በጥንቃቄ መያዝ እንደሚገባው ያለ ቃል ይማራል።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሔዶን አስቸኳይ ጥበቃ በሚያሻቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። ቅርሱ የማይዳሰስ መባሉ ሊያስገርም ይችላል፤ ዕቃው በእጅ የሚዳሰስ ነውና። ነገር ግን ለመጥፋት የተቃረበው ዕቃው ሳይሆን ዕውቀቱ ነው። ገመዱን የምትተበትበው እናት ለልጇ ሳታስተምር ብታልፍ፣ ዕቃው በሣጥን ተቀምጦ ቢገኝም ሔዶ አለ ለማለት አይቻልም።

እንግዲህ ሔዶን በዐውደ ርእይ ለሕዝብ ለማሳየት የሚነሣ ባለሙያ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ዕቃውን እንደ ታሰረ ቢያስቀምጠው ተመልካቹ ውስጡን አያይም። ፈትቶ ቢያስቀምጠው ደግሞ ዋናው ጥበብ፣ ማለትም ትብታቡ ይጠፋል። ለመሆኑ ማሳየት የሚገባው ዕቃውን ነው ወይስ ድርጊቱን?

ጥያቄው ለጅቡቲ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ዕቃን ከታሪኩ የመለየት ጉዳይ ከዘጠና ዓመት በፊትም በዚያው ወደብ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1931 ማርሴል ግሪዮል በተባለ ፈረንሳዊ የሚመራ የባህል አጥኚዎች ቡድን ከዳካር ተነሥቶ፣ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1933 መጀመሪያ ጅቡቲ ላይ ጉዞውን ፈጸመ። ቡድኑ በመንገዱ ለፓሪስ ቤተ መዘክር ከ3,000 በላይ ዕቃዎች ሰብስቧል። ጥቂቶቹ ተገዝተው፣ ጥቂቶቹ ተለምነው፣ ጥቂቶቹም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተወሰዱ ናቸው። ይህንንም የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻ አልሸሸገም።

ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ለአምስት ወራት ያህል ቆይቶ ነበር። በዚያም ሳለ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው ተነሡ፤ በምትካቸውም የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው አዳዲስ ሥዕሎች ተለጠፉ። ጥንታውያኑ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ከዝናብና ከምስጥ ተጠብቀዋል ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን በፊታቸው ሲሰግድ ለኖረው ምእመን ጥበቃው ማጣት ሆኖበታል። ዕቃው ዳነ፤ ቦታው ግን ባዶ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ይኸው የፓሪስ ቤተ መዘክር ስለዚህ ጉዞ አንድ ዐውደ ርእይ ከፍቶ ነበር። ጉዞው ካለፈባቸው የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎች ከፈረንሳውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ጥያቄውን ወደ ኋላ መልሰው ጠየቁ። ዕቃው ከማን እጅ ወጣ? በምን ዋጋ? በመዝገብ ስማቸው ያልተጻፈው አስተርጓሚዎች፣ ባለሙያዎችና ባለንብረቶች እነማን ነበሩ? ቀድሞ በመግለጫ ጽሑፍ ላይ የነገድና የቦታ ስም ብቻ ይሰፍር ነበር፤ የሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። የተመራማሪዎቹ ድካም የጠፋውን ስም ፍለጋ ነው። ሆኖም ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ መፈለግ፣ ዛሬ ጠይቆ ከመመዝገብ እጅግ ይከብዳል።

የዛሬው የዐውደ ርእይ አዘጋጅ ከዚህ ሊማር ይገባዋል። ሔዶን ለማሳየት የሚሻ ሰው በመጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ መስታወት ሣጥን ሠሪ ሳይሆን ወደ ባለሙያዪቱ እናት ነው። የምትጠቀምበትን ቁሳቁስ፣ የት እንደምታገኘው፣ ከማን እንደተማረች፣ የትኛው ነገር ለሕዝብ ቢታይ እንደምትፈቅድና የትኛው እንዳይታይ እንደምትሻ ይጠይቃል። ሁለት ዕቃ ማሠራትም ይቻላል፦ አንዱ ታስሮ፣ ሌላው ተፈትቶ ጎን ለጎን እንዲታዩ። እጇ ሲተበትብ በፊልም ይቀረጻል፤ በመግለጫውም ላይ፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ ስሟ ከዕቃው ስም በላይ ይጻፋል። በተወሰነ ቀንም እርሷው መጥታ ለወጣቶች ታስተምራለች።

ዕቃውም ራሱ እንክብካቤ ይሻል። የጅቡቲ አየር ሞቃት ነው፤ ከባሕሩም እርጥበትና ጨው ይነሣል። ዘንባባና ቆዳ በእርጥበት ይሻግታሉ፤ በድርቀት ይሰነጠቃሉ። የቅቤ ቅሪት ነፍሳትን ይጠራል፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚታይ ዕቃ ምግብ ሊይዝ አይገባም። ቀለም የተነከረ ጨርቅና ቆዳ በብርሃን ስለሚደበዝዝ፣ ቤተ መዘክሮች በእነዚህ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ50 ሉክስ እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዕቃውን ያቆየዋል፤ ትብታቡን ግን አያቆየውም። ትብታቡን የሚያቆየው የሚማር እጅ ብቻ ነው። ስለሆነም የአንድ ዐውደ ርእይ ስኬት በጎብኚው ብዛት ብቻ አይለካም። በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ጫፉ ያልታወቀውን ገመድ መተብተብ የቻለች አንዲት ልጃገረድ ከተገኘች፣ ዐውደ ርእዩ ሥራውን ሠርቷል።

መልመጃ 1፦ አንብቦ መረዳት
ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. የሔዶ ገመድ በቢላዋ የማይቆረጠው ለምንድን ነው?
2. በእጅ የሚዳሰሰው ሔዶ «የማይዳሰስ ቅርስ» የተባለበትን ምክንያት አስረዱ።
3. «ዕቃው ዳነ፤ ቦታው ግን ባዶ ቀረ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?
4. የአባ እንጦንስ ሥዕሎች ታሪክና የሔዶ ጉዳይ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

መልመጃ 2፦ የቃላት ፍቺ
የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ መሠረት ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
ሀ. ዐውደ ርእይ  ለ. ትብታብ  ሐ. ተቆረቆረ  መ. ነውር  ሠ. ቅሪት

መልመጃ 3፦ ጽሕፈት
በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ አንድ የእጅ ባለሙያ ዘንድ ሄዳችሁ ስለ አንድ ዕቃ አሠራር ጠይቁ። ያገኛችሁትን መልስ መነሻ በማድረግ፣ ዕቃው በዐውደ ርእይ ቢቀርብ አብሮት የሚቆም የአንድ አንቀጽ መግለጫ ጻፉ። የባለሙያውን ስም ከመጻፋችሁ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ አትርሱ።