ኩባንያ የገዛት፣ ኩባንያ የዘጋት ከተማ

ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ፣ እንደ እንጨት የሚነድ ጥቁር ድንጋይ አለ። የድንጋይ ከሰል ይባላል። ባቡርና ፋብሪካ ብዙ ዘመን የሠሩት በሱ ነው።

በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ፣ ዶውሰን የምትባል የከሰል ከተማ ነበረች። ፌልፕስ ዶጅ የተባለ ኩባንያ በ1906 ገዛት (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቤቱም፣ ሱቁም፣ ሆስፒታሉም የኩባንያው ነበር። ሠራተኛው የሚያድርበትን ቤት «የኔ ነው» አይልም። ጭሰኛ የነበረ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ከቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ ከኢጣልያና ከግሪክ የመጡ ድሆች ነበሩ። ኦክቶበር 22 ቀን 1913 ሠራተኛው ገና ጉድጓድ ውስጥ እያለ ድማሚት ተተኮሰ። ይህ በሕግ የተከለከለ ነበር። ለምን ተከለከለ? የከሰል ትቢያ መሬት ላይ ሲተኛ ምንም አይመስልም። አየር ላይ ተበትኖ እሳት ሲያገኘው ግን እንደ ባሩድ ነው። ትቢያው ተቀጣጠለ፤ 263 ሰው አለቀ። ከነሱ ሁለቱ ሌላውን ለማዳን የገቡ ናቸው።

በ1923 እንደገና ፈነዳ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። በ1913 አባቶቻቸውን ያጡ ልጆችም አድገው እዚያው ከተማ ከሰል ቆፋሪ ሆነው ነበርና ከሟቾቹ መካከል ተገኙ።

በ1950 ኩባንያው ሥራውን ዘጋ። ቤቶቹን ሸጠ፤ ሕዝቡም ወጣ። ዛሬ እዚያ ጎልቶ የሚታየው መቃብሩ ነው፤ ነጫጭ የብረት መስቀሎች ተደርድረውበታል።