ሮኬት ለሚወዱ ልጆቻችንና ለሁላችንም የቀረበ ማሳሰቢያ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ምድር መጥቃለች። የሚዛን፣ የአማንና የቴፒ ልጆቻችን «እኛም ሮኬት እንሠራለን» ቢሉ ደስ ሊለን ይገባል። ፍላጎታቸውን እንደግፍ፤ ጓዳ ውስጥ የሚቀመም ጠጣር ነዳጅ ግን ጎረቤትን ሁሉ የሚነካ አደጋ ነው።

እናድርግ
– በውኃና በአየር ግፊት የሚወነጨፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሮኬት እንሥራ፤ የብስክሌት መንፊያ ይበቃዋል፣ እሳትም የለውም።
– ስንነፋው ራቅ ብለን እንቁም፤ ግፊት የበዛበት ጠርሙስ ይፈነዳል።
– ሰውና ከብት የሌለበትን ሜዳ እንምረጥ፤ የት እንደሚወድቅ አናውቅምና።
– የበለጠ ማወቅ የሚሹትን ቴፒ ግቢ ካሉት የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህራን ጋር እናገናኛቸው፤ ጥያቄያቸው መልስ ካጣ ብቻቸውን ይሞክሩታል።

አናድርግ
– ነዳጅ አንፍጭ፣ አንቀላቅል፣ አናሙቅ፤ ፍትጊያ ብቻውን ሊያቀጣጥለው ይችላል። በአሜሪካ የጠጣር ነዳጅ ሮኬት ፈር ቀዳጅ የነበረው ጃክ ፓርሰንስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1952 መኖሪያው ውስጥ ባለው ቤተ ሙከራ በደረሰ ፍንዳታ ሞቷል። ዕውቀት አላነሰውም ነበር።
– የብረት ቧንቧ በነዳጅ አንሙላ፤ ነዳጁ ትንሽ ከተሰነጠቀ የሚነደው ገጽ በድንገት ይሰፋል፣ ግፊቱ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል፣ ስብርባሪው በአጠገብ የቆመውን ሁሉ ይመታል።
– «አፈር አልብሰን እናጠፋዋለን» አንበል፤ ጠጣር ነዳጅ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ራሱ ይዟል።
– በበጋ ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ እሳት የሚተፋ ነገር አናስወንጭፍ፤ አንድ ፍንጣሪ የጎረቤትን የዓመት ገቢ፣ የንብ ቀፎውን፣ ከዚያም አልፎ ደናችንን ይበላል።
– «ቢቃጠል ሐኪም ቤት አለ» ብለን አንዘናጋ፤ ለከባድ ቃጠሎ ልዩ ሕክምና የሚሰጠው የካቲት 12 ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው፣ ከሚዛን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ያን መንገድ ከተቃጠለ ልጅ ጋር መጓዝ ለማንም ወላጅ አንመኝም።

ልጅ የነዳጅ ዱቄት ሲቀላቅል ያየ ጎረቤት አይቆጣ፤ የተቆጡት ልጅ ተደብቆ ይቀጥላል። ረጋ ብሎ ያነጋግረው፣ ለወላጁና ለመምህሩም ይንገር። የተቀላቀለውን ግን ማንም አይንካው፣ ለማቃጠልም አይሞክር፤ ሰው እናርቅና ለፖሊስ እናሳውቅ።