በካርቱም ሙቀት መጻሕፍትን በአነስተኛ ኃይል መጠበቅ

ሙቀት ወረቀትን የሚጎዳበት ምክንያት

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት የበረሃ ጠርዝ ከተማ ናት። ከዝናቡ ወራት በፊት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የታተሙ መጻሕፍት አብዛኞቹ ከእንጨት በተሠራ ወረቀት ላይ ስለሆኑ፣ በጊዜ ብዛት አሲድ ይፈጠርባቸዋል። አሲዱ የወረቀቱን ቃጫ ይበጣጥሳል፤ ገጹ ይጠይማል፣ ሲገለጥም ይሰበራል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሂደቱ በግምት በእጥፍ ይፈጥናል።

መጻሕፍቱን በአየር ማቀዝቀዣ ብቻ ለመጠበቅ መሞከር ግን ሌላ ችግር ያመጣል። መብራት በሚጠፋባት ከተማ የሚቋረጥ ቅዝቃዜ የሙቀቱንና የእርጥበቱን መጠን ያዋዥቃል፤ መዋዠቁም ወረቀቱንና የጥራዙን ሙጫ ያደክማል።

ከሕንጻው የሚገኝ እገዛ

የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ነው። የኮሌጁ የጡብ ሕንጻ ባለ ቅስት በረንዳዎች አሉት። በረንዳው ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ እንዳትመታ ይከለክላል። ወፍራም ጡብ ደግሞ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚቀበልና ሌሊት ቀስ ብሎ ስለሚለቅ፣ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ የክፍሉን ሙቀት ያረጋጋል። ለዘላቂነት (የዛሬን ፍላጎት የነገን ሀብት ሳይጨርሱ ለማሟላት) ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት መግለጫ፣ የማከማቻ ክፍል አየር የአካባቢውን የአየር ንብረት ያገናዘበ እንዲሆን መክረዋል። ለሁሉም አገር አንድ ጠባብ ልክ ማስጠበቅ ብዙ ኃይል ይፈጃልና።

የውሃ ማቀዝቀዣው ጥቅምና ጉዳት

በካርቱም በብዛት የሚሠራበት ማቀዝቀዣ የውጭውን አየር በውሃ በራሰ ጭድ መሰል ንጣፍ ውስጥ የሚስብ ሣጥን ነው። ውሃው ሲተን ከአየሩ ሙቀት ይወስዳል፤ የሚፈጀውም ኤሌክትሪክ ከተለመደው አየር ማቀዝቀዣ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሆኖም ወደ ክፍሉ እርጥበት ያስገባል። በደረቁ ወራት ይህ ለተሰነጣጠቀ የቆዳ ሽፋን ሊጠቅም ይችላል። በዝናቡ ወራት ግን አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት በመቶ ስንቱን እንደያዘ የሚያሳይ ልክ) ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይነሣል። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ውሃውን ዘግቶ ማራገቢያውን ብቻ ማሠራት ይሻላል፤ ውሳኔው የሚመሠረተው በልማድ ሳይሆን በእርጥበት መለኪያ ንባብ ነው።

የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ

ሃቡብ (የአሸዋና የአቧራ ማዕበል) ሲመጣ መስኮት መዝጋት ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል። በመጽሐፉ የላይ ጠርዝ ላይ ያረፈ አቧራ ገጹን ይፍቃል፣ እርጥበትም ይስባል። ጽዳቱ ጥራዙን ጨብጦ በመያዝ፣ በለስላሳ ብሩሽ ከጀርባው ወደ ውጭ በመጥረግ ይከናወናል።

የተቀደደ ገጽ በስንዴ ስታርች ሙጫና በስስ ወረቀት ይጠገናል። ይህ ሙጫ በውሃ ስለሚለቅ ጥገናውን ወደፊት ማስተካከል ይቻላል። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ግን ቢጫ እድፍ ትቶ ይቀራል።

ቅጂ የሚያስፈልግበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተጀመረ። በዚያው ዓመት በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። እንዲህ ያለውን ጥፋት ግድግዳም ብሩሽም አይመልሰውም። ከጦርነቱ በፊት የተጀመረው ሱዳን ሜሞሪ የተባለው የዲጂታል ማኅደር የፎቶግራፎችን፣ የመጻሕፍትንና የሰነዶችን ምስል ከአገር ውጭም ስላስቀመጠ፣ የሥራው ዋጋ ከዚያ በኋላ ጎልቶ ታይቷል።

ዲጂታል ቅጂም ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ቅጂውን የሚያከማቹት ኮምፒውተሮች ሌት ተቀን ይሠራሉና። ወጪው የሚቀንሰው እያንዳንዱን ገጽ አንዴ በጥራት በማንሣት፣ የተደጋገሙትን ፋይሎች በመሰረዝና በተለያዩ ከተሞች ሁለት ወይም ሦስት ቅጂ ብቻ በማስቀመጥ ነው። በቅድሚያ መነሣት ያለባቸውም ሌላ ቦታ የማይገኙት የአገር ውስጥ ጋዜጦችና የእጅ ጽሑፎች ናቸው።