ከዳስ እስከ ስታዲየም፦ የካሜራ ዕቃ አመራረጥ

መርሳ ላይ ፎቶ ቤት ሊከፍት ያሰበ ወጣት ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። የማነሣው ምንድን ነው? በምን ዓይነት ብርሃን? ምን ያህል ቀርቤ?

ሰርግን እንውሰድ፤ የፎቶ አንሺው እንጀራ እሱ ነውና። ሰርጉ ሲደምቅ ብዙውን ጊዜ መሽቷል፤ ዳሱ ውስጥ ያሉት ጥቂት አምፖሎች ናቸው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18–55 ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ ቀዳዳው ከ5.6 አልፎ አይከፈትም። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ግን እስከ 1.8 ይከፈታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ልዩነቱ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው። በመጀመሪያው የሰከንድ 1/6 የሚፈጀው ፎቶ በሁለተኛው በ1/60 ያልቃል። ሙሽሮች ጉልበት ስመው ሲመረቁ ቀጥ ብሎ የሚቆም የለም። በ1/6 የመራቂው እጅ እንደ ጭስ ይበተናል፤ በ1/60 ጣቶቹ ይለያሉ። ባለ 50ው ሌንስ ደግሞ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከጠበበ ያገለገለ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራውን ብቻ) ገዝቶ የተረፈውን ለሌንስ ማዋል ይሻላል እላለሁ።

ፍላሽም ያስፈልጋል። ብርሃኑ እንዲለሰልስ ወደ ጣሪያ ማዞር የተለመደ ነው፤ ጣሪያው ነጭ ከሆነ ያምራል። በሰማያዊ ሸራ ዳስ ውስጥ ግን የሙሽራዋ ፊት ሰማያዊ ይሆናል። እዚያ ፍላሹን ከካሜራው ነጥሎ በነጭ ጃንጥላ ማሳለፍ ነው።

ወልዲያ ላይ፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስታዲየም፣ ነገሩ ይገለበጣል። የቀን ፀሐይ ሞልቷል፤ ችግሩ ርቀት ነው። ባለ 50ው ተጫዋቹን ነጥብ ያደርገዋል። እዚህ ቢያንስ እስከ 200፣ ቢቻል እስከ 300 የሚስብ ሌንስና 1/1000 ፍጥነት ያሻል። ርካሽ ቦዲዎች ሴንሰራቸው (ብርሃን ተቀባይ ክፍላቸው) ትንሽ መሆኑም ይጠቅማል፤ 200ው 300 ያህል አቅርቦ ያሳያል።

የሀብሩ ወረዳ ማሽላ ላይ ያለ ትልን ለማንሣት ደግሞ ውድ የማክሮ ሌንስ ከሌለ፣ በቦዲውና በዚያው በ50ው መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበት ይበቃል። ነፋስ ሳይነሣ ማለዳ መውጣት ነው፤ በዚያ ቅርበት ትንሽ ንቅናቄ ምስሉን ታበላሻለች። አቧራ ባለበት ማሳ ላይ ሌንስ አትቀያይሩ።

ያገለገለ ቦዲ ስትገዙም ቀዳዳውን 16 ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሡና አጉልታችሁ እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፤ ተነፍቶ ካልለቀቀ ዋጋው ይቀነስ።