የላላ የውስጥ ስፖኪዮ እንዴት ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ የፊት መስታወት ላይ የተለጠፈ ስፖኪዮ እየተንቀጠቀጠ ሲያስቸግር መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ የላላው ክፍል ይለያል። የስፖኪዮው እግር መስታወቱ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ብረት ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የእግሩን ብሎን ማጥበቅ ይበቃል፤ ከልክ በላይ ማጥበቅ ግን መስታወቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ብረቷ ራሷ ከተላቀቀች፣ ቦታዋ ከውጭ በኩል በማርከር ምልክት ይደረግበታል። አሮጌው ማጣበቂያ በምላጭ በጥንቃቄ ተፍቆ ሁለቱም ገጽ በአልኮል ይጸዳል። ይህ ሥራ ችኮላ አይወድም፤ የጣት ቅባት እንኳ ከቀረ ማጣበቂያው በደንብ አይይዝም። ተራ ሱፐር ግሉ አይመከርም፤ የፀሐይ ሙቀትና የመንገድ ንዝረት ያላቅቁታል። ለስፖኪዮ ተብሎ የተሠራው ማጣበቂያ ከተቀባ በኋላ ብረቷ ለ1 ደቂቃ ያህል ተጭና ትያዛለች። ስፖኪዮው የሚሰቀለው ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ ሲሞላ ነው፤ 24 ሰዓት መታገሥ የበለጠ ያስተማምናል።